በሁዳዴ የተማሩት እስክስታ

ዓለምዬ ልመንህ ጮክ ብላ አትናገርም። ስትናደድማ ጭራሽ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። የሚያውቋት መምህራን ያን ዝቅ ያለ ድምፅ ሲሰሙ ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ይስባሉ። የካቲት መጀመሪያ ላይ በተደረገው የመምህራን ስብሰባም የሆነው ይኸው ነበር።

የጥድ አፋፍ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ጌታነህ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጭንቀታም ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ ባለፈው ዓመት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ስለነበር የስድስተኛ ክፍል ልጆች ለፈተና አልደረሱለትም። ንፋስ መውጫ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ተጠርቶ በሄደ ቁጥር የሚጠይቁት ስንት ልጅ እንደሚያሳልፍ ነው። እናም ፕሮግራሙን ሲያገላብጥ ሰንብቶ አንድ መላ አገኘ፦ በሳምንት ሁለት ቀን የሚሰጠው የክወናና እይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ይሁን። ሙዚቃ፣ ሥዕል፣ ድራማና ውዝዋዜ በአንድ መጽሐፍ የታጨቁበት ትምህርት ነው። የምታስተምረው ደግሞ ዓለምዬ ናት።

«ነጥቡስ?» አለች።

«ነጥቡንማ ትሞያለሽ። ከዚህ በፊትም ሲሞላ የኖረው እንዲሁ ነው። ለሁሉም ሰባት ከአሥር ብትሰጪ ማን ይጠይቅሻል?»

«ያላስተማርኩትን አልሞላም» አለች ዓለምዬ።

ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ስለነበር ከኋላ የተቀመጡት አልሰሙም፤ የሰሙት ግን ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ጌታነህ አንገቱን አከከ። ግማሽ ሰዓት ከተከራከሩ በኋላ ነገሩ ወደ ወላጆች እንዲመራ ተስማሙ። ከፋሲካ በኋላ በሚደረገው የወላጆች ስብሰባ ወላጆቹ ይቆይ ካሉ ይቆያል፤ ምን ያደርግልናል ካሉ ለሒሳብ ይሰጣል። እስከዚያ ድረስ ዓለምዬ ታስተምር። ወላጆቹ ምን እንደሚሉ ጌታነህ ያውቃል። ዓለምዬም ብትሆን አልጠፋትም።

ትውልዷ ስማዳ ነው፤ ከስምንት ልጆች ስድስተኛዋ ናት። በሠርግ ዳስ ውስጥ እኩዮቿ ሲጨፍሩ እሷ ከምሰሶው ሥር ተቀምጣ የሰው እግር ትመለከት ነበር። ማን በቀኝ እንደሚጀምር፣ ማን ክብደቱን ተረከዙ ላይ እንደሚጥል፣ ማን ጎረቤቱን እያየ እንደሚኮርጅ ታውቃለች። እናቷ ልጅቷ የታመመች መስሏት ሁለት ጊዜ ጠበል ወስዳታለች። ደብረ ታቦር ኮሌጅ ስትገባ ሥነ ሕይወት ልትማር ብትመኝም ምደባው ሲለጠፍ ስሟ የወጣው ከሙዚቃና ሥዕሉ ክፍል ነው። ስልክ ደውላ ለእናቷ ስትነግራት እናቷ «ይህን ደግሞ ይማሩታል?» አለች። ዓለምዬ ሁለት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን መምህሩ አንድ ተማሪ አስወዝውዞ «ክብደቱ ያረፈው የት ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሠላሳ ምናምን ተማሪ ካለበት ክፍል መልሱን ያወቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አላለቀሰችም።

ይኸው አሥራ አንድ ዓመት አስተማረች። አሁንም ሠርግ ስትጠራ ደብተር ይዛ ትሄዳለች፤ ሚዜዎቹ እሷን ሲያዩ ወገባቸውን ያቀናሉ። በሰፈሩ «የጭፈራዋ መምህርት» ነው የምትባለው፤ ግማሹ በፍቅር ግማሹ በማሾፍ። መምህራኑም ቢሆኑ «ያገራችን ልጅ እስክስታን ሲወለድ ያውቀዋል፤ ምን ማስተማር ያስፈልገዋል?» ይሏታል። «አማርኛንስ ከእናቱ ይዞ አይደለም የሚመጣው?» ትላለች እሷ። «ታዲያ ለምን ስምንት ዓመት ታስተምሩታላችሁ?» ለዚህ እስካሁን መልስ ያገኘ የለም፤ መልስ ማጣት ግን ሐሳብ መቀየር አይደለምና ክፍለ ጊዜዋ ከዓመት ዓመት መሸርሸሩን አላቆመም።

አሁን ወደ ስሕተቱ እንምጣ። ስሕተቱ የራሷ ነው፤ እሷም አትክድም።

በዓመታዊ ዕቅዱ ላይ የውዝዋዜ ምዕራፍ የሚጀምረው በሁዳዴ የመጀመሪያው ሳምንት ነበር። ዕቅዱን ያወጣው ሰው የጾም አቆጣጠር ትዝ አላለውም። ዓለምዬ ግን ጾሟን ይዛለች፤ ሰኞ ጠዋትም እንደማንኛውም ሰው ሳትቀምስ ነው ትምህርት ቤት የገባችው። ጾሙ ልቧ ውስጥ ነበር። ጭንቅላቷ ውስጥ የነበረው ግን የፋሲካው ስብሰባ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት ገብታ ዓመት ሙሉ የተቀመጠውን ከበሮ አወጣች። አይጥ ጠፍሩን ቀማምሶታል። ቆዳው ረግቦ እንደሆነ ለማወቅ ግቢው መሐል ቆማ ሦስት ጊዜ መታችው። ሦስት ጊዜ ብቻ። አቧራውን ጠርጋ መልሳ ስታስቀምጠው ፊቷ ፈክቶ ነበር፤ ቆዳው ደህና ነው።

የጋይንት ደጋ ንፋሱ ድምፅ አያስቀርም። ከአፋፉ በታች ባለው ሰፈር ጀሪካን ተሸክማ ከምንጭ የምትመለስ አንዲት ሴት ቆመች። በሁዳዴ ከበሮ! ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከበሮውን ባኖረችበት ሰዓት ከበሮ ካለ ሠርግ አለ ማለት ነው። በሁዳዴ የሚያገባው ማነው? ጥያቄው ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ሲሻገር እያደገ ሄዶ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሙሽራውን በስም ጠርቶ ነበር። ሀይሉ የሚባል ሚስት የሌለው ጎልማሳ አጥሩን እያጠረ ሳለ ሁለት አክስቶቹ መጥተው «ምነው እንዲህ አዋረድኸን!» ብለው ሲያለቅሱበት ማግባቱን ከእነሱ ሰማ።

ከበሮው ከየት እንደተመታ ሲታወቅ የመጡት አቶ ዳምጤ ነበሩ፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለዋል። አቶ ዳምጤ የወላጅ መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ ናቸው፤ ገብስና ስንዴ የሚያመርቱ፣ ቃላቸው የሚከበር ገበሬ። ልጃቸው ገነት ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ለሒሳብ ጥያቄ እጇን ከሁሉም ቀድማ የምታወጣ።

«ከበሮውን የመታው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አቶ ዳምጤ።»

«በሁዳዴ?»

«ቆዳው ረግቦ እንደሆን ልየው ብዬ ነው። አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ለጠብ ተዘጋጅተው የመጡት ሰው ይቅርታ ሲቀድማቸው ለጊዜው ግራ ገባቸው። ከዚያ የልባቸውን አወጡት። «ይቅርታውስ ይሁን። ግን መምህርት፣ ገነትን ወደዚህ የላክኋት ተምራ ሰው እንድትሆን ነው፤ አዝማሪ እንድትሆን አይደለም። ባንቺ ሰዓት ከክፍል ትውጣ። ከፋሲካ በኋላ ስብሰባው ላይ የምናገረውም ይህንኑ ነው፤ ከአሁኑ እወቂው።»

ዓለምዬ አፈረች። በራሷ ጾም፣ በራሷ እጅ ያደረገችው ነገር ነውና መድረሻ አጣች። ተናደደችም፤ ምክንያቱም ሰውየው ስለ ከበሮው እውነት ነበራቸው፣ ስለ ትምህርቱ ግን አልነበራቸውም፣ እሷ ደግሞ ሁለቱን ለይታ ለማስረዳት አፏን ራሷ ዘግታዋለች። ምዕራፉን ከፋሲካ በኋላ ላድርገው ብትል ስብሰባው ባዶ እጇን ያገኛታል። አሁን ላስተምር ብትል በጾም ማስጨፈር ይሆንባታል። ያን ሳምንት ሥዕል አሣለቻቸው። ልጆቹም ሁሉም ከበሮ ሣሉ።

ቅዳሜ ወደ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ሄደች። መሪጌታ በጋይንቱ ቤተ ልሔም ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው ድጓ የተማሩ፣ ከጥድ አፋፍ ደብር ጎን የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የመጽሐፍ ማኅደር ሲሰፉ አገኘቻቸው። ስለ ከበሮው ሰምተዋል፤ ያልሰማ የለም።

«የኔታ፣ በሁዳዴ ልጆች ውዝዋዜ ቢማሩ ኃጢአት ይሆናል?»

መርፌያቸውን አላቆሙም። «ዘፈን አለበት?»

«ይቅር ካሉኝ ይቀራል።»

«እልልታስ፣ ጭብጨባስ?»

«እነሱም ይቀራሉ።»

«ከበሮውስ?»

ዓለምዬ ወደ መርፌው አየች። ያለ ከበሮ እንዴት እንደሚሆን አልታይ ብሏታል።

መሪጌታ ቀና አሉ። «አየሽ ልጄ፣ እኛም በጾሙ ከበሮውንና ጸናጽሉን አኑረን በመቋሚያ ብቻ ነው የምንቆመው። ትምህርቱን ግን አላቆምነው። ደስታ ሌላ ነው፤ ትምህርት ሌላ ነው። ትምህርት ነው ካልሽ እንደ ትምህርት ያዢው።» ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። «የቤተ ክርስቲያኑን ዝማሜ ግን እንዳትነኪ። እሱ ጸሎት ነው።»

«አልነካም የኔታ።»

«ስብሰባው ላይም ተነሥቼ አልመሰክርልሽም። የልጅ ትከሻ የኔ ጉዳይ አይደለም።»

እጅ ነሥታ ወጣች። እስከ ቤቷ ድረስ በእግሯ እየቆጠረች ሄደች፤ መንገድ ላይ ያገኟት ሰዎች ሰላምታቸውን ሳትመልስላቸው ማለፏን አስተውለዋል።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ዴስኮቹን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ልጆቹን በአራት ረድፍ አቆመቻቸው። ገነት ውጭ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጣለች። «ከበሮ የለም» አለች ዓለምዬ። «ዘፈን የለም። ቁጥሩን በልባችሁ ትቆጥራላችሁ፤ ከንፈር እንዳይንቀሳቀስ። አንድ፣ ቀኝ እግር። ሁለት፣ ግራ እግር። ሦስት፣ ምንም የለም፤ መጠበቅ ነው። አራት ላይ ትከሻ።»

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሞከሩ፤ የሆነውም ጉድ ነበር። አርባ ሁለት ልጅ በአርባ ሁለት የተለያየ ጊዜ ትከሻውን ሰበቀ። አንዳንዱ ሁለት ላይ ጨርሷል፤ አንዳንዱ ጓደኛውን አይቶ ነው የሚጀምረው። በየሠርጉ አንደኛ የሚባለው ልጅ እንኳ መድረሻ ጠፋው። ዓለምዬ ከፊታቸው ቆማ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እነዚህን ልጆች የሚመስሉ ልጆች በከበሮ አስወዝውዛ ስምንትና ዘጠኝ ስትሰጥ ኖራለች። ከበሮው ሲጎትታቸው፣ ጭብጨባው ሲሸፍናቸው፣ ማን እንደሚችልና ማን እንደተደበቀ አላየችም።

«ነጥብ ስሰጥ የኖርኩት ለከበሮው ነው» አለች፤ ለራሷ። ይህን ማመን ለአንድ መምህር ቀላል አይደለም፤ እሷ ግን በዚያው ሰዓት፣ ጠመኔ በእጇ እንደያዘች አመነችው።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ጾመኛ ልጅ ከሰዓት በኋላ ጉልበት የለውምና የስፖርቱን መምህር ለምና የጠዋት ክፍለ ጊዜ ተቀያየረች። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጋ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ሲወዛወዝ ሌላው ከኋላው ቆሞ መዳፉን ትከሻው ላይ እንዲያሳርፍ አደረገች። ማን ሦስት ላይ እንደሚቸኩል በመዳፋቸው ለዩ። «አንተ አልጠበቅህም»፣ «አንቺ ዘገየሽ» መባባል መጣ። በሳምንቱ የሚጣሉበት ነገር ይኸው ሆነ፤ በእረፍት ሰዓት ኳሱን ትተው ግቢው ውስጥ በዝምታ ሲረግጡ የሚያያቸው አላፊ አግዳሚ ምን እንደነካቸው ይጠይቅ ነበር።

አቶ ዳምጤ ይህን ሰሙ። ዘፈን የለም፣ ከበሮ የለም፣ እልልታም የለም። «ታዲያ ምኑን ጭፈራ ሆነ?» አሉ። «ዝም ብላ ለመቆምማ ገነትም ትግባ።» ያሸነፉ መስሏቸው ነው። ገነት ገባች፤ በመጀመሪያው ቀንም ሦስት ላይ ቸኮለች። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቸኮለች። ጥያቄ ሳያልቅ መልስ የለመደች ልጅ ናት፤ ምንም በሌለበት ቦታ ላይ መቆም አቃታት። አንድ ቀን አለቀሰች። ዓለምዬ አላባበለቻትም። አጠገቧ ቆማ፣ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ሃያ ጊዜ አብራት ቆጠረች።

ጌታነህ ጭንቀቱ አልለቀቀውም፤ ለዓለምዬም ቢሆን ይጨነቅላታል። «ስብሰባው ላይ ይህ ነገር ለሒሳብ ይረዳል ብትዪያቸው ይሻልሻል» አላት። «ቁጥር አለው፣ ትኩረት አለው። ይቀበሉሻል።»

«ለሒሳብ የሚረዳው ሒሳብ ነው» አለች። «ይህ ለራሱ ነው።»

«በዚህ ንግግርሽ ትሸነፊያለሽ።»

«እሸነፋለኋ።»

የውዝዋዜው ፈተና የተሰጠው ከሆሳዕና በፊት ባለው ሐሙስ ነው። ጌታነህ አንድ ወረቀት ሊያስፈርማት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አርባ ሦስቱ ልጆች መጀመሪያ አንድ ላይ ነበር የተነሡት። በአፈሩ ወለል ላይ ሁለት ጊዜ የእግር ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ምንም። የክፍሉ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ ትከሻዎቹ ተነሡ፤ ሁሉም ባይሆኑም ብዙዎቹ አንድ ላይ ተነሡ። ጌታነህ ወረቀቱን እንደያዘ እስከ መጨረሻው ቆየ፤ ለምን እንደመጣ የነገራት በማግሥቱ ነው።

ቀጥሎ ልጆቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ለእያንዳንዱ ቁጥር ብቻ አልጻፈችም፤ ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «ትከሻው ጥሩ ነው፤ ግራ እግሩ ይዘገያል።» «መጠበቅ ታውቃለች፤ አንገቷን ግን ታጎነብሳለች።» ይህን ጻፊ ብሎ ያዘዛት የለም፤ ለአርባ ሦስት ልጅ አርባ ሦስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ የጾሙን የመጨረሻ ሳምንት ፈጀባት። እንዲህ ያለ ሥራ የሚያመሰግነው ሰው አያገኝም፤ እሷም ምስጋና ትጠብቅ ነበር ለማለት ይቸግራል።

ፋሲካ አለፈ፤ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። በስብሰባው ቀን ወላጆች በአግዳሚ ወንበርና በድንጋይ ላይ ግቢውን ሞልተው ተቀመጡ። ልጆቹ ከአጥሩ ጥግ ተሰብስበዋል። ከአጀንዳው በፊት የነጥብ ወረቀት ታደለ። ዓለምዬ ከመምህራኑ መጨረሻ ተቀምጣ ጣቶቿን አቆላልፋለች።

አቶ ዳምጤ ተነሡ። ቃል የገቡትን ሊናገሩ ነው ብሎ ሁሉም ፊቱን ወደሳቸው አዞረ።

«መምህርት» አሉ ወረቀቱን ከፍ አድርገው፣ «ይህ ስድስት ምንድን ነው?»

«የገነት የውዝዋዜ ነጥብ ነው አቶ ዳምጤ።»

«ገነት ስድስት አምጥታ አታውቅም!»

«አውቃለሁ።»

«የጎረቤቴ የተሻገር ልጅ፣ ሒሳብ አራት የሚያመጣው፣ ዘጠኝ ተሰጥቶታል። እንዴት ያለ ፍርድ ነው? ደግሞ ‹ሦስት ላይ ትቸኩላለች› የሚል ተጽፏል። ሦስቱ ምንድን ነው?»

ዓለምዬ ተነሥታ አስረዳቻቸው። ቀኝ፣ ግራ፣ መጠበቅ፣ ትከሻ።

«ይኸው ነው?» አሉ። «ይህ አቅቷት ነው እንዴ ልጄ የወደቀችው!» ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ መሐል ወጡ። ቀኝ ረገጡ፣ ግራ ረገጡ፣ ወዲያው ትከሻቸውን ሰበቁ።

«ቸኮሉ!» አሉ ልጆቹ ከአጥሩ ጥግ በአንድ ድምፅ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ገነት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ዳምጤ ግን አልሳቁም። እንደገና ጀመሩ። ቀኝ፣ ግራ፣ አሁንም ትከሻ። «ቸኮሉ!» በሦስተኛው የሳቀው ሰው ትንሽ ነበር። በአራተኛው የሳቀ የለም፤ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ በልቡ እየቆጠረ ነበር። አቶ ዳምጤ ቀኝ ረገጡ፣ ግራ ረገጡ፣ ቆሙ። ትከሻቸው ሊነሣ ሲል ያዙት። ያዙት፣ ግን ትንሽ ቀድሞ አመለጣቸው። ግንባራቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ከባድ ነው» አሉ።

ጌታነህ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ ወደ አጀንዳችን ስንመለስ… የዚህን ትምህርት ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ስለመስጠት፣ የወላጆች ሐሳብ…»

አቶ ዳምጤ ዞሩበት። «ለሒሳብ ከሰጣችሁትማ ይህች ልጅ ስድስቱን የምታስተካክለው መቼ ነው?»

ሰውየው ወረቀቱን እንደያዙ ወደ ዓለምዬ ተመለሱ። «መቼ ነው የምታስተምሪያት?»

ዓለምዬ ቀና አለች።

«ማክሰኞና ሐሙስ» አለች።